ፈጥኖ የሚዞረው ቴፕ

ልጄ ማህሌት ጫማዋን ሳታወልቅ ሳሎን ከገባች አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ በረዶና ጭቃ ይዞ ምንጣፍ ላይ መውጣት ምን እንደሚያስከትል ከእናቷ በሚገባ ተምራለች። በዚህ ዓመት፣ በረዶው ቀልጦ ሣሩ ገና ባልለመለመበት ሰሞን፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ካስልሪጅ ያለው ቤታችን እንደዚያ ሆና ገባች። እኔ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ነበር። ኮቷን እንኳ ሳትከፍት ስልኳን ደረቴ ላይ አስቀመጠችው።

«ዳድ፣ ዘፈንህን ሰርቀውሃል» አለችኝ።

«የትኛውን ዘፈን?»

«ስንት ዘፈን አለህ? በረዶውን ነዋ። ትናንት ቤልትላይን ከፍሬንዶቼ ጋር እራት እየበላን ዲጄው አጫወተው። ስፓኒሽ ናቸው፣ ላይክ፣ የድሮ ባንድ። ኖት ለኖት ያንተ ነው። ሰው እንዳያውቅባቸው ስሎው አድርገውታል፤ ሲሪየስሊ፣ እንዴት ዓይነት ድፍረት ነው?»

ለማያውቀኝ ሰው ላስረዳ። «በረዶው» ማለት እኔ ካልጋሪ ውስጥ የምታወቅበት ዘፈን ነው። ዘፋኝ አይደለሁም፤ መጀመሪያ የሆቴል ላውንደሪ ሠራተኛ፣ ኋላ ደግሞ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ግን በዚህ ከተማ ሐበሻ ሲያገባ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ «በረዶው» ካልተመታ ሠርጉ ሠርግ አይባልም። መጀመሪያ በዘፈንኩበት ዓመት የተወለዱ ልጆች ዛሬ በእሱ እየገቡ ይዳራሉ። ማህሌት ሦስተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ ከቤተሰባችሁ የምትኮሩበትን ነገር ንገሩን ብትላቸው፣ ክፍሉ ፊት ቆማ «አባቴ ዘፈን ደርሷል» ብላ፣ እስክስታውን ሳይቀር አሳይታ ተመልሳለች። ያን ቀን የሣለችው ሥዕል፣ እኔ ከነኦርጋኔ በረዶ ውስጥ ቆሜ፣ እስከ ዛሬ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። እውነቱን ለመናገር ግን ከእኔ የሰረቀ የለም። ሌባው እኔ ነኝ።

ስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት ቀስ ብላ፣ ከኋላዋ ኦርጋን እያለቀሰላት ትዘፍናለች። ድምፁን ከሰማሁት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። የሳሙናና የትኩስ አንሶላ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፣ ሶፋው ላይ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ፣ ዘጠናዎቹ ገና ለጋ ሳሉ፣ ቤልትላይን ዛሬ ማህሌት የምትኖርበት ዓይነት የመስታወት ፎቅ አልነበረበትም። ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ አፓርታማዎች ነበሩ፤ ደረጃቸው ሁልጊዜ የሌላ ሰው እራት ይሸታል። እኔና ጓደኛዬ ደረጀ አንድ መኝታ ቤት ያለው ክፍል ተከራይተን እሱ መኝታ ቤቱን፣ እኔ ሳሎኑን ይዘን ነበር። የምከፍለውን ኪራይ ለልጄ ስነግራት የምቀልድ ይመስላታል፤ የእሷ መኪና ማቆሚያ ብቻ ዛሬ ከዚያ ይበልጣል። በሁለት ዶላር ቡናና ዶናት ገዝቼ ሳንቲም ይተርፈኝ ነበር። አለባበሳችንን ደግሞ ፎቶው ይመስክር፦ ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ ጃኬት፣ ወገቡ ላይ የተሸነሸነ ሰፊ ሱሪ፣ ጥቁር ጫማ በነጭ ካልሲ። እንዲያ ለብሰን አሥራ ሰባተኛ አቬኑ ላይ ስንሄድ ከተማው የእኛ ይመስለን ነበር። ኦርጋኔን የገዛሁትም እዚያው አቬኑ ላይ ከአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ፣ በሰማንያ ዶላር ነው። ሁለት ቁልፎቹ ድምፅ አያወጡም ነበርና ሰውዬው ስለ እነሱ አሮጌ የጆሮ ማዳመጫ መረቀልኝ። ዘመኑ አንድ ኦርጋን ብቻውን ባንድ የሆነበት ዘመን ነበር። ከአገር ቤት በሚመጣው ካሴት ሁሉ ሳክስፎኑም ኦርጋን ነው፣ ከበሮውም ኦርጋን ነው፣ ክራሩም ኦርጋን ነው። እኔም ከሥራ መልስ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጬ ጣቴን አፍታታ ነበር፤ ደረጀ በሩን ዘግቶ ትራሱን ጆሮው ላይ ያደርጋል።

ሥራዬ መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ውስጥ ነበር። አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ሁለት ጫፍ አንተ ትይዛለህ፣ ሁለት ጫፍ ባልደረባህ፤ ትወጥሩታላችሁ፣ ታራግፉታላችሁ፣ ከዚያ ተራምዳችሁ መሀል ላይ ትገናኙና ጫፉን አቀብለህ ወደ ኋላ ትመለሳለህ። የእኔ ባልደረባ ፒላር የምትባል ስፔናዊት ነበረች፤ በዕድሜ እናቴ ባትሆን ታላቅ እህቴ የምትሆን፣ ቁመቷ ትከሻዬ ጋ የሚደርስ፣ ክንዷ ግን ከእኔ የጠነከረ። መደርደሪያው ላይ ዱቄት ሳሙና ያረፈበት አሮጌ ቴፕ ነበራት፤ እሷ ባለችበት ሌላ ካሴት አይገባም። የሚገባው የአገሯ ልጆች ካሴት ብቻ ነው። ስማቸው «ሶብሪኖስ ዴል ፋሮ» ይባላል፤ የመብራት ማማው የእህት ልጆች ማለት ነው አለችኝ። ባሕር ዳር ለመርከብ መንገድ የሚያሳየው ማማ መሆኑ ነው። ማማ የእህት ልጅ ይኖረዋል ወይ ብዬ ብጠይቃት «እናንተስ ሰውን አባባ እያላችሁ ስትጠሩት ሁሉም አባታችሁ ነው?» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

የባንዱን ታሪክ ያወቅሁት እንደ ተከታታይ ድራማ ነው። የፒላር እህት ከስፔን ከጋዜጣ የተቆረጠ ወሬ በፖስታ ትልካለች፣ ፒላር በቡና ሰዓት በእሷ እንግሊዝኛ ታነበዋለች፣ እኔ በእኔ እንግሊዝኛ እሰማለሁ፤ የሁለታችን እንግሊዝኛ መንገድ ላይ በሆነ መንገድ ይገናኛል። ኑሪያ የምትባል ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች ልጅና ሁለት ወንድሞቿ ነበሩ። የዓሣ አጥማጆች ከተማ ልጆች ናቸው። አባታቸው ራዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ሰው ጥሎበት የሄደውን ዕቃ ሁሉ እየፈታ የመጀመሪያ ኦርጋናቸውን የገጠመላቸው እሱ ነው። አደባባይ ላይ ሙዚቃ በመጣ ቁጥር ሱቁን ዘግቶ የሚጨፍር ሰው ነበር ትላለች ፒላር። ልጆቹ መጀመሪያ ዓሣ ገበያ ውስጥ ተጫወቱ። በሚቀጥለው ደብዳቤ ራዲዮ ገቡ። በዚያኛው ማድሪድ ደረሱ። ከዚያ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ቺሊ፣ ስታዲየም ሙሉ ሰው እጁን አንሥቶ የሚያሳይ ፎቶ መጣልን። እኔ አይቻቸው የማላውቅ ልጆች ባለፈላቸው ቁጥር ደስታው የእኔ ይመስል ነበር፤ አንድ ቀን ለፒላር ዶናት ገዝቼ «እንኳን ደስ አለሽ» ብያታለሁ። የእኔ ዘፈን ግን ስታዲየም ከሚያናውጡት ውስጥ አልነበረም። የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ዘፈን ናት። አምስት ኖታ ላይ ትመላለሳለች፣ ቁርጥ የእኛ ቅኝት። እኔና ፒላር በእሷ አንሶላ ስናጥፍ እግራችን ራሱ ይራመድ ነበር፣ ክምሩም ሳናውቀው ያልቃል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ደረጀ ሶስናን አገባ። ግንቦት ስል ካልጋሪን የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ጠዋት በቲሸርት የነበርን ሰዎች ከሰዓት በኋላ ቁርጭምጭሚታችን ድረስ በረዶ ውስጥ ገባን። ሠርጉ ሰሜን ምሥራቅ ባለ የኮሚኒቲ አዳራሽ ነበር፤ ዘፋኙ ከኤድመንተን በመኪና ይመጣል። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ የአዳራሹ ስልክ ጮኸ። ሰውዬው ነዳጅ ማደያ ቆሞ ነው የሚደውለው።

«ወንድሜ፣ ኤርድሪ ነኝ። ሃይዌዩን ዘግተውታል። ዛሬ እንጃ» አለኝ።

ኤርድሪ ማለት እኮ እዚህ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ግን በዚያ በረዶ ሞስኮ በለው። ስልኩን ስዘጋ አዳራሹ ውስጥ ኦርጋን እንደምነካ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በሱፍና በክራቫት ታንቆ ያየኛል። «ጌታሁን፣ ሂድና ኦርጋንህን አምጣ። ትራሱን ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ ደረጀ።

የማውቃቸው የሠርግ ዘፈኖች ስድስት ነበሩ። ኦርጋኑ የእኛ ምት የለውም፣ ስለዚህ «ዋልዝ» የሚለውን የምት ቁልፍ ተጭኜ ፍጥነቱን እስከ ጣሪያ ከፍ አደርገዋለሁ፤ ቺክቺካ የሚመስል ነገር ይወጣል። ስድስቱን ጨረስኩ። ደግሜ ጀመርኩ፣ ሰው ታገሠኝ። ሦስተኛ ዙር ስጀምር አዛውንቶቹ ተራ በተራ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፣ ሶስና በቬሏ ውስጥ ሆና ስታየኝ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ወገቤን ላብ አጠመቀው። የዚያን ጊዜ ጣቶቼ እኔን ሳያስፈቅዱ የለመዱትን፣ የአንሶላዋን ዘፈን መቱ። ቃል አልነበረኝም። በመስኮት በረዶው ይወርዳል፣ እያየሁ አፌ ያመጣልኝን አልኩ፦

በረዶው ይውረድ ደጁን ይሙላው፣
ሙሽሪት ገብታለች ብርዱን ማን ሰማው።

እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንዲያ ያለ ነገር አላየሁም። ወንበር ላይ የቀረ ሰው የለም። የአዳራሹ ጠባቂ፣ ካውቦይ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ፣ ሳይቀር ትከሻውን እየሞከረ መሀል ገባ። ያንኑ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደደገምኩት አላውቅም። ጣቴ ሲዝል ለማረፍ ተነሣሁ፣ አንዲት ሚዜ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዛልኝ መጣች። ትከሻው እንደ ፊኛ የተነፋ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። ምሽቱን ሙሉ በዓይኔ ስፈልጋት የነበረች ልጅ ናት። ዓለም ትባላለች።

«ይሄ ዘፈን የማን ነው?» አለችኝ።

አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው መልሱ ቀላል ነበር። ስለ ፒላር፣ ስለ ማማው የእህት ልጆች ብነግራት በሳቅ ነበር የምትሞተው። እኔ ግን «የኔ ነው» አልኩ።

«ሰምቼው አላውቅም እኮ።»

«ገና አላወጣሁትም» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ነገሩ እንዲያ ነው የጀመረው። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሠርግ ተጠራሁ፣ ከዚያ ሌላ፤ ሰው ራሱ «በረዶው» ብሎ ስም አወጣለት። ኤድመንተን ድረስ ወሰዱኝ፣ ያው ኤርድሪ ላይ የቀረው ዘፋኝ እንኳ ኋላ ዘፈኑን እንድሰጠው ለምኖኛል። እኔም ዓለምን አገባሁ፤ በገዛ ሠርጌ ራሴ እየዘፈንኩ ገባሁ። የስፔን ልጆች ግን በዚያው ሰሞን ነገር ከበዳቸው። በእንግሊዝኛ አንድ ካሴት አወጡ፣ የሚሰማው ጠፋ፤ ታናሹ ወንድም ባንዱን ትቶ ወጣ፤ ከዚያ አንድ ቀን ፒላር ትንሽ ወረቀት፣ ከሁሉም ትንሿን፣ አንብባ «ፊኒቶ» አለችኝና አንሶላ ወጠረች። እኔ የሁለት ሠርግ ቀጠሮ ኪሴ ውስጥ ይዤ የእነሱን ዘፈን እያፏጨሁ ነበር። አፈርኩ። እፍረቱ ግን ከላውንደሪው ደረጃ በላይ አብሮኝ አልወጣም።

እንግዲህ ማህሌት ስልኳን ደረቴ ላይ ስታስቀምጥ ይህን ሁሉ ነው ያስቀመጠችብኝ። ሆቴሉ ከፈረሰ ቆይቷል፣ ካሴት የሚያውቅ ልጅ የለም፣ የማማው የእህት ልጆች ግን ተመልሰዋል። ወጣቱ አሮጌ ካሴታቸውን በሸክላ አሳትሞ እየጨፈረበት ነው፤ የኑሪያ ፀጉር አቆራረጥ ሳይቀር ፋሽን ሆኗል አለችኝ። እሷ ደግሞ ዝም አላለችም። በባንዱ ገጽ ላይ «ይህን ዘፈን የደረሰው አባቴ ነው፣ እፈሩ» ብላ ጽፋ፣ የደረጀን ሠርግ ቪዲዮ ማስረጃ ብላ አያይዛለች።

«ማህሌትዬ፣ ተቀመጪ» አልኳት። «እነሱ አልሰረቁም። እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

ሁሉንም ነገርኳት። አንዴም አላቋረጠችኝም፤ ብታቋርጠኝ ይሻለኝ ነበር። ስጨርስ ወደ ፍሪጁ፣ ወደዚያች ሥዕል ነው ያየችው።

«ግሬድ ስሪ ሆኜ እኮ ነው ለሰው የተናገርኩት» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያ ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ።»

ይሄኔ ዓለም ከኩሽና ጭልፋዋን እንደያዘች ብቅ አለች። «ተመስገን፣ ተናገረው» አለች።

«ታውቂ ነበር?»

«የተጋባን ሰሞን ካሴቱን ከጃኬትህ ኪስ አግኝቼ ሰምቼዋለሁ። አንተ ራስህ እስክትነግረኝ ብዬ ነው የጠበቅኩት። የትም አልሄድክብኝም፣ እኔም አልቸኮልኩም» አለችና ተመለሰች። ፒላር ቀድታ የሰጠችኝ ካሴት ነው፤ እኔ ቤት አጫውቼው አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዘፈኑ አብራኝ ስትጨፍር አንድ ቀን ፊቷ ላይ አላነበብኩትም።

ማህሌት ቦርሳዋን አነሣች። የጻፍሽውን አጥፊው አልኳት። «አላጠፋውም» አለችኝ። «አንተ ነህ የምትጽፍላቸው፣ ዳድ። እኔ ከዚህ በኋላ ያንተን ታሪክ አልናገርልህም።» እራት ሳትበላ ሄደች። እሑድ እሑድ ሳትደውል የማታድር ልጅ ሁለት እሑድ ዝም አለች።

ደብዳቤውን በአማርኛ ጻፍኩት፣ አራት ጊዜ ቀደድኩት። አምስተኛውን ይዤ ወደ ፒላር ሄድኩ። አሁን የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ናት፤ ክንዶቿ ቀጥነዋል፣ ምላሷ ግን ያው ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛችን ስነግራት እስክታስል ድረስ ሳቀች።

«ለሠርግ?» አለች። «ያን ዘፈን ለሠርግ? ቴፑ እኮ ይፈጥን ነበር፣ ሞኙ። ማናጀሩ ላስጠግነው ሲል እኔ ነኝ የከለከልኩት፣ ሥራ ቶሎ ያልቅ ስለነበር። ዘፈኑ ለአባታቸው ነው፣ የሞተ ጊዜ። አንድም ቀን ስለምን እንደሚዘፍኑ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

እውነቷን ነው፣ አልጠየቅኳትም። ካልጋሪ ሙሉ ሙሽራ ለሠላሳ ዓመት በለቅሶ ዘፈን አስገብቻለሁ ማለት ነው። መነጽሯን አድርጋ፣ እኔ በእንግሊዝኛ እየነገርኳት፣ ደብዳቤውን ወደ ስፓኒሽ ስትመልስ ይህን አስቤ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። መጨረሻው ላይ ይቅርታ ከምትለው ቃል አጠገብ «ስለ አባታችሁ አላወቅኩም ነበር» የሚል እንድትጨምርልኝ ለመንኳት፤ ከዚያ ማህሌት ከጻፈችው ሥር በባንዱ ገጽ ላይ ላኩት።

የደረጀና የሶስና የጋብቻ በዓል ሰኔ ላይ እዚያው የድሮው አዳራሽ ተከበረ። ኦርጋኔን ይዤ ሄድኩ፣ ግን «በረዶው»ን እንዳልነካ ወስኜ ነበር። ምግብ ተነሥቶ ሰው «ጋሼ፣ በረዶውን» ማለት ሲጀምር ማይኩን ያዝኩ። «ይህ ዘፈን የእኔ አይደለም» አልኩና ለማህሌት የነገርኳትን ለሁሉም ነገርኳቸው። ከዚያ ማህሌት ከኋላ ተነሥታ፣ ስልኳን ይዛ፣ ወደ መድረኩ መጣች። መምጣቷን አላየሁም ነበር። «መልስ ጽፈዋል። እኔ ጋ ነው የመጣው» አለች በማይኩ፣ እኔን ሳታይ። «ዘፋኟ ናት የጻፈችው፣ በእንግሊዝኛ። አማርኛዬ ይቅርታ።» እያነበበች በአማርኛ መለሰችው።

«ውድ ጌታሁን፣ አባታችን ሙዚቃ ሲጀመር አደባባይ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነበር። ሲሞት የሚያስጨፍር ዘፈን ልንሠራለት ፈለግን። አልቻልንም፣ እጃችን ከበደ። መድረክ ላይ አንድ ቀን ብቻ ተጫወትነው፣ ሰው ቆሞ ሰማን፣ ከዚያ ተውነው። ባለፈው ሳምንት የሠርጉን ቪዲዮ ከወንድሜ ጋር አየን። ባርኔጣ ያደረገው ሽማግሌ መሀል ሲገባ ወንድሜ ስክሪኑን ነክቶ ‹ይኸው፣ አባባ ገባ› አለኝ። እባክህ ማጫወትህን አትተው።»

አንብባ ስትጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ሶስና በናፕኪን ዓይኗን ታብሳለች፣ ደረጀ ጣሪያ ያያል። ማህሌት ስልኳን ካሜራው ወደ አዳራሹ እንዲያይ አድርጋ ብርጭቆ ላይ አስደገፈችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረች።

«ምታው፣ አባዬ» አለችኝ።

ዋልዙን ተጫንኩ፣ ፍጥነቱን እስከ ጣሪያ ከፍ አደረግኩት። ወለሉ ባዶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ማን እንደሚጀምር ይተያያል። ማህሌት ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ከሁሉ ቀድማ፣ ብቻዋን፣ መሀል ገባች።